ሁዳዴ ያላወረደው ኮሌስትሮል፦ የአንድ የድሬዳዋ ቤተሰብ የጉዳይ ጥናት

ልብስ ሰፊው ወደ እኛ ክፍል የመጣው ለኮሌስትሮል አልነበረም። ተረከዙን አሞት ነው። መጋላ ሰፈር ውስጥ ከአንድ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የሲንጀር መኪናውን ፔዳል ከሃያ ዓመት በላይ ረግጧል፤ ሕመሙም ከዚያ የመጣ መስሎታል። "አቦ ሲስተር፣ የሚቀባ ነገር ስጪኝና ልሂድ፣ ሱቁን ለልጅ ትቼ ነው የመጣሁት" አለኝ።

ካልሲውን አስወልቄ ከተረከዙ በላይ ያለውን ጅማት በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሃል ያዝኩት። ይህ ጅማት ጤነኛ ሰው ላይ እንደ ተወጠረ ገመድ ነው፤ ቀጭንና ልሙጥ። የእሱ የአውራ ጣት ያህል ወፍሯል፤ ውስጡ ሽምብራ የተቀረቀረበት ይመስል ይጎረብጣል። እግሩን ወደ ላይና ወደ ታች ሲያንቀሳቅስ ጉብታዎቹ ከጅማቱ ጋር አብረው ይሄዳሉ፤ ከቆዳው ጋር አይደለም። እጁን ጨብጥ አልኩት። በጣቶቹ መገጣጠሚያ ጀርባ ባሉት ጅማቶች ላይም ትናንሽ ጉብታዎች አሉ። ቀና ብዬ ዓይኑን ሳየው በጥቁሩ ዙሪያ ነጣ ያለ ቀለበት ዞሮበታል። እንዲህ ያለው ቀለበት አዛውንት ላይ ቢታይ አያስደንቅም። እሱ ግን ገና 43 ዓመቱ ነበር።

የምሠራው ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የጤና ተቋም የተከታታይ ሕክምና ክፍል ነው፤ ነርስ ነኝ። ይህን የምጽፈው ቤተሰቡ ፈቅዶልኝ ነው። ማን እንደሆኑ የሚያሳውቅ ነገር ትቻለሁ። የማዕረግ ስም ብዙ የማያበዛው የድሬ ልጅ አነጋገራቸው ግን እንዳለ ነው።

የጅማቱ ነገር የሚቀባ መድኃኒት የሚፈልግ አልነበረም። በደም ውስጥ የተረፈ ኮሌስትሮል ለዓመታት ጅማት ውስጥ ሲጠራቀም እንዲህ ያብጣል፤ ጅማት ውስጥ ከተጠራቀመ ደግሞ የልብ ደም ሥሮችንም አይምርም። ሐኪሙን ጠርቼ አሳየሁት፣ የደም ምርመራ አዘዘ።

ስለ ኮሌስትሮል ስጠይቀው ግን ሰውየው ፈገግ አለ። ያውቀዋል። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ የግል ክሊኒክ ሌላ ነገር ሲመረምረው ጠቅላላ ኮሌስትሮሉ ከ340 በላይ መሆኑን ነግሮት "ቅባት ቀንስ" ብሎ አሰናብቶታል። ተመለስ ያለው የለም፣ ተረከዙን ያየ የለም፣ አባትህ ምን ሆኖ ሞተ ብሎ የጠየቀው የለም። እሱም የተባለውን አደረገ። ሠርግ ላይ ጥሬ ሥጋ ሲቆረጥ እጁን ሰብስቦ ተቀመጠ፣ እንቁላል ተወ። ዓመት ቆይቶ ሲለካ ቁጥሩ ያው ሆነ። እናቱ ጣታቸውን በምራታቸው ላይ ቀሰሩ። ሚስቱ የሐረር ልጅ ናት፤ ከጀጎል አክስቷ የምትልክላትን ቅቤ ወጥ ላይ ታበዛለች የሚል ወቀሳ ቤቱ ውስጥ ስድስት ዓመት ከረመ። "ልጄን በቅቤ ልትገድልብኝ ነው" እስከመባል ደርሷል። ይህን የምጽፈው የቤተሰብ ገመና ላወጣ ብዬ አይደለም። አንድ ቁጥር ሳይብራራ ሲቀር ማን ላይ እንደሚያርፍ ስላየሁ ነው።

የመጣው በ2016 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ላይ፣ በቅበላ ሰሞን ነበር። ሥጋና ቅቤ የሚበላበት የመጨረሻው ሳምንት ነው፤ ከፊቱ 55 ቀን ሁዳዴ አለ። ሰውየው ጾም አያጎድልም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆያል፣ ዓሣም አይቀምስም። ሚስቱም አብራው ትጾማለች፤ የሚበሉት ከአንድ ትሪ ነው። እዚህ ላይ ሐኪሙ ጥሩ ነገር አሰበ፦ ሁለቱንም አሁን እንለካቸው፣ በሕማማት ሳምንት ደግሞ እንድገመው። በደም የማይዛመዱ፣ አንድ ድስት የሚጋሩ ሁለት ሰዎች፣ ከእንስሳት ተዋፅኦ ለሁለት ወር ሲርቁ ምን ይሆናሉ? ሳምንታት መዘግየቱ ያሳስበኝ ነበር፤ ነገር ግን የደረት ሕመም የለውም፣ የልብ ምርመራው ደህና ነው፣ እሱም ራሱ "ጾሙ ያወርደዋል" ብሎ መድኃኒት ለመጀመር እያቅማማ ነበር። ጾሙ እንዲመሰክር ተውነው።

በቅበላ የሰውየው ጠቅላላ ኮሌስትሮል 358፣ ጎጂው ኤልዲኤል 281፣ ጠቃሚው ኤችዲኤል 44፣ ትራይግሊሰራይድ የተባለው ሌላው የደም ቅባት 165 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሆነ። የሚስቱ ኤልዲኤል 128 ነበር። የታይሮይድ እጢ ስንፍና፣ የስኳር ሕመምና ፕሮቲን የሚያፈስ የኩላሊት ሕመም ኮሌስትሮልን ስለሚያንሩ እነሱም ታዩ፤ አንዱም አልተገኘም።

በሕማማት ሰኞ ሁለቱም ተመልሰው መጡ። የእሱ ኤልዲኤል 254፣ የእሷ 98።

እሱ ውጤቱን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ፤ ሁለት ወር ጾሞ 254! እኔ ግን ቁጥሮቹን አጠገብ ላጠገብ ጽፌ አንድ ነገር አሳየሁት። ከእሷ ላይ የወረደው 30 ነው፣ ከእሱ ላይ 27። ጾሙ ከሁለቱም ላይ የነሳው መጠን ከሞላ ጎደል እኩል ነው። ሥራውን ሠርቷል። ልዩነቱ ከየት ተነስተው እንደወረዱ ነው፤ እሷ ላይ ወደ ሩብ የሚጠጋ ነው፣ እሱ ላይ ደግሞ አንድ አሥረኛ እንኳ በቅጡ አይሞላም። ከድስቱ የመጣው ያ ሰላሳ ገደማ ነው። የቀረው ድስቱን አያውቀውም።

የቀረውን የሚያውቀው ጉበቱ ነው። ደማችን ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል አብዛኛውን ሰውነታችን ራሱ ይሠራዋል፤ ከምግብ የሚመጣው ትንሹ እጅ ነው። ኤልዲኤል የተባለውን ጭነት ከደም ውስጥ የሚለቅመው በዋናነት ጉበት ሲሆን፣ የሚለቅመውም በሴሎቹ ገጽ ላይ በተተከሉ ተቀባዮች ነው። ይህን የደረሱበት ቴክሳስ ዳላስ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1985 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። የተቀባዩን አሠራር የያዘውን ዘረመል እያንዳንዳችን ከእናትና ከአባት አንድ አንድ ቅጂ እንወርሳለን። አንደኛው ቅጂ የተበላሸ ከሆነ ጉበቱ በግማሽ ተቀባይ ይሠራል፤ ኤልዲኤሉ ደም ውስጥ ከመጠን በላይ ይቆያል፣ ይከማቻል፣ ከዚያ ደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ይሰርጋል። ሰውየው ቀጭን ነው፣ ይጾማል፣ ግን የተወለደው በዚህ ነው። በዘር የሚወረስ ከፍተኛ ኮሌስትሮል ይሉታል። ከ250 ሰዎች አንዱ ገደማ ይህን ይዞ ይወለዳል፤ ብርቅ በሽታ አይደለም። ከሁለቱም ወላጅ የተበላሸ ቅጂ የሚደርሰው ግን በጣም ጥቂት ነው፤ እሱም ገና በልጅነቱ የልብ ደም ሥሩ ሊዘጋ ይችላል።

የዘረመል ምርመራ አላደረግንም። አያስፈልግም ነበር ለማለት ሳይሆን፣ ያለሱም መለየት ስለሚቻል ነው። የኔዘርላንድ የደም ቅባት ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ነጥብ አሰጣጥ አለ። ለጅማቱ እብጠት 6፣ ለኤልዲኤሉ ከፍታ 5 ይሰጣል፤ 11 ሆነ። ከ8 ከበለጠ የተረጋገጠ ይባላል። አባት በወጣትነቱ በልብ ሕመም ከሞተ ተጨማሪ ነጥብ አለው፤ እሱን መጀመሪያ አልቆጠርንም፣ ምክንያቱም አባቱ "መጋኛ መትቶት" ነበር የሞተው። የባቡር ጥገና ሠራተኛ ነበሩ፤ በ46 ዓመታቸው ከሥራ ሲመለሱ በር ላይ ወደቁ። ያን ጊዜ የታየ ነገር ስለሌለ ማረጋገጫ የለንም።

እናቱ ልጃቸውን አጅበው የመጡት በሦስተኛው ቀጠሮ ነው። ሐኪሙ ተረከዙን እያሳየ ሲያስረዳቸው ድንገት አቋረጡት። "የአባቱም እንዲህ ነበር" አሉ። "የባቡር ጫማ ሲሰጡት ከኋላው በቢላ ይቀደው ነበር፤ ተረከዜን ይፍቀኛል ይል ነበር። ሁሌ እንደተቀደደ ነው የሚጫማው፤ እኔ ዝርክርክ ብዬ እቆጣው ነበር።" ክፍሉ ውስጥ ያለን ሁሉ ዝም አልን። ከዚያ ምራታቸውን ወደ ጎን አዩአት፤ ምንም አላሏትም፣ ግን ሲወጡ ነጠላዋን አስተካከሉላት።

አሁን ወደ ዝንጀሮዎች ልለፍ። ለሰውየው የነገርኩት ይህንኑ ነው፤ "እኔ ብቻ ነኝ እንዴ?" ብሎ ሲጠይቀኝ ከእነሱ የተሻለ መልስ አላገኘሁም።

ድሬ ያደገ ሰው ዝንጀሮ አይቶ አያውቅም ማለት ዘበት ነው። ወደ ሐረር በደንገጎ ዳገት ሲወጣ ከድንጋዩ ላይ ያያቸዋል፤ ወደ ኤረር ጎታ ሲወርድም። ኤረር ጎታ እንዲያውም በዓለም የታወቀ ቦታ ነው፦ ሃንስ ኩመር የተባለው ስዊዘርላንዳዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960ና 1961 ዓለት ላይ የሚያድሩትን የእኛን ትከሻ ጎፈሬ ዝንጀሮዎች እያጠና የኖረው እዚያ ነበር። እሱ ያጠናው አኗኗራቸውን እንጂ ደማቸውን አይደለም። ደማቸው የተጠናው ቴክሳስ ሳን አንቶኒዮ ከተማ ባለው ትልቅ የዝንጀሮ መንጋ ላይ ነው። እነዚያ የእኛዎቹ የቅርብ ዘመዶች ናቸው፤ ማን ከማን እንደተወለደ ለትውልዶች ተመዝግቧል። ተመራማሪዎቹ ለሁሉም አንድ ዓይነት ቅባትና ኮሌስትሮል የበዛበት መኖ ሰጧቸው። አንዳንዱ ኮሌስትሮሉ ሽቅብ ተወነጨፈ፣ አንዳንዱ ጭራሽ ንቅንቅ አላለም። ልጆቻቸው ወላጆቻቸውን ተከተሉ። በዘር እየመረጡ ሲያዋልዷቸው ምግቡ የሚያንርበትና የማያንርበት ሁለት ወገን ተለየ። ተመሳሳይ ነገር በደቡብ አሜሪካ ትንንሽ ጦጣዎች ላይም ታይቷል። ልዩነቱ አንጀት ከምግብ ምን ያህሉን እንደሚስብና ጉበት ምን ያህሉን ወደ ሐሞት ቀይሮ እንደሚያስወጣ ነው፤ ሁለቱም በዘር የሚወረሱ ናቸው።

ከሁሉም ለእኛ ጉዳይ የሚቀርበው ግን የአንድ የሬሰስ ጦጣ ቤተሰብ ታሪክ ነው። ቅባት ያልበዛበት የተለመደ የጦጣ መኖ እየበሉ ኮሌስትሮላቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመው ጥናት ምክንያቱ ታወቀ፦ ያው የኤልዲኤል ተቀባይ ዘረመል ላይ አንዲት ፊደል ተለውጣ ሥራውን መሃል ላይ አቁማዋለች። ልብስ ሰፊው ይህን ስነግረው ረጅም ጊዜ አሰበና "እነሱም ጾመኞች ነበሩ ማለት ነው" አለ። አዎ፣ ነበሩ ማለት ይቻላል።

ምግብ ምንም አያደርግም የሚል ሰው ግን ወደ ኬንያ አምቦሴሊ ይመልከት። እዚያ የተወሰኑ ዝንጀሮዎች የቱሪስት ሎጅ ጥራጊ እየለቀሙ መብላት ለመዱ፤ ሌሎቹ እንደ አባት ልማዳቸው ሣርና ሥር እየቆፈሩ ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ጥናት ደማቸውን ሲያነጻጽር ጥራጊ በላተኞቹ ኮሌስትሮላቸውም ኢንሱሊናቸውም ከፍ ብሎ ተገኘ። አገር አንድ፣ ዘር አንድ፣ የተለወጠው ማዕዱ ነው። ደንገጎ ላይ መኪና አቁመን ብስኩትና ዳቦ የምንወረውርላቸው እነዚያን ባየሁ ቁጥር ይህ ጥናት ይታወሰኛል፤ ባንወረውርላቸው ደስ ይለኛል።

ስለዚህ የሰውየውን ማዕድ አልተውነውም፤ ነገር ግን ወቀሳ ሳይሆን ሥራ አደረግነው። የሁዳዴውን ውጤት ደግመን ስናየው አንድ ነገር ዓይናችንን ሳበው፦ ትራይግሊሰራይዱ ከ165 ወደ 190 ወጥቷል፣ ጠቃሚው ኤችዲኤል ከ44 ወደ 38 ወርዷል። በጾም ምን ትበላለህ ስንለው ታሪኩ ወጣ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ፓስታ፣ ዳቦ፣ የምስር ሳምቡሳ፣ ሦስትና አራት ስኳር የበዛበት ሻይ። ስኳርና ነጭ ዱቄት ትራይግሊሰራይድን ያንራሉ፤ ጾም ነው ብሎ ጉበት አይምርም።

ከዚያ ዘይቱ። ቤታቸው የሚገባው የሚረጋው የፓልም ዘይት ነው፤ ርካሹ እሱ ስለሆነ። ሚስትየው "ኧረ እዚህ አይረጋም፣ ሐረር ነው የሚረጋው" አለች። እውነቷን ነው። በድሬ ሙቀት ጀሪካኑ ውስጥ እንደ ውሃ ይፈስሳል፤ አክስቷ ቤት፣ 1,885 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በማለዳ ነጭ ሆኖ ተጋግሮ ይጠብቃታል። ዘይቱ ግን አንድ ነው። ከፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የረጋ ቅባት ነው፣ እሱም የጉበትን ተቀባዮች የሚቀንስ ዓይነት ነው፤ ጉበት ውስጥ ገብቶ የሚሠራውን ድሬ ፈሳሽ ሆነ ሐረር ረጋ አይለውጠውም። ስለዚህ ሁዳዴም ሙሉ በሙሉ ከረጋ ቅባት የጸዳ አልነበረም፤ ከቅቤ ወደ ፓልም ተዛውሯል እንጂ። አቅማቸው በፈቀደ የሱፍ ዘይት፣ ካልሆነም መጠኑን በግማሽ መቀነስ፤ ሳምቡሳው በሳምንት አንዴ፤ ሻዩ በግማሽ ስኳር፤ ከባቢሌ የሚመጣውን ኦቾሎኒ ከዳቦው ፋንታ መቆርጠም። ቅቤውን አልከለከልናትም፤ ለበዓል ይቅረብ አልን። ሰውየው ጫትም ይቅማል፤ በዚህ ላይ ሐኪሙ ቀጥታ ተናገረ፦ የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፣ አንተ ልብህ ላይ ሌላ ሸክም የምትጭንበት አቅም የለህም። ሰውየውም ከየቀኑ ወደ ቅዳሜ ብቻ አወረደው። ሙሉ በሙሉ እንዲተው ብፈልግም ይህንንም አላቃለልኩበትም።

መድኃኒቱ አቶርቫስታቲን ነው፣ 40 ሚሊግራም ማታ ማታ። ስታቲን ጉበት የራሱን ኮሌስትሮል እንዳይሠራ ይከላከላል፤ ጉበቱም ሲቸግረው ያሉትን ጤነኛ ተቀባዮች ያበዛል። ከሁለቱ ቅጂዎች አንዱ ደህና ስለሆነ መድኃኒቱ የሚሠራበት ነገር አለው። ይህን እጅግ አስፈላጊ ነገር ለታካሚ የሚነግር ሰው ጥቂት ነው። ሰው መድኃኒቱ ለምን እንደሚሠራ ሲገባው አያቋርጥም። ከሦስት ወር በኋላ ኤልዲኤሉ 148 ሆነ። ከመነሻው በግማሽ ገደማ ወርዷል። መጠኑን ወደ 80 ብናሳድገው የሚጨምረው ቅናሽ ስድስት በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ሐኪሙ አንጀት ኮሌስትሮል እንዳይስብ የሚያደርገውን ኢዜቲማይብ ደረበለት። ከከተማው ፋርማሲዎች አጥተነው አዲስ አበባ ያለ ዘመድ በአይሱዙ ሹፌር እጅ ላከው። ኤልዲኤሉ 117 ደረሰ። ከምንፈልገው ገና ከፍ ይላል፤ ከ281 ጋር ስናስተያየው ግን ሌላ ሰው ነው።

በዚህ በሽታ ታካሚው አንድ ሰው ሆኖ አያውቅም። እያንዳንዱ ልጅና እያንዳንዱ እህት ወንድም የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ልጆቹን ጠራን። የ15 ዓመቷ ልጅ ኤልዲኤሏ 92 ሆነ፤ አልደረሰባትም። የአሥር ዓመቱ ልጅ 204። ደግመን ለካነው፣ 198 ሆነ። ቤተሰቡ ውስጥ እንዲህ ያለ ታሪክ እያለ ልጅ ላይ ከ160 መብለጡ በራሱ በቂ ነው። ተረከዙን አየሁ፤ እንደ ገመድ ልሙጥ ነው፣ ምንም የለበትም። ያን ጅማት በጣቴ ስይዝ የተሰማኝን እፎይታ መግለጽ አልችልም። የአባቱ ተረከዝ በዚህ ዕድሜ እንዲሁ ነበር፣ ማንም አላየውም እንጂ።

እናትየዋ ልጁን አቅፋ "በእኔ ወጥ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ፤ ስድስት ዓመት የሰማችው ነገር በአንድ ቀን አይወጣም። አይደለም አልኳት። የአያቱ ነው፣ የባቡር ጫማ ቀዳጁ። አያትየው ሴትዮም ከጎን ነበሩ፤ "የእኛ ነው ልጄ፣ ያንቺ አይደለም" አሏት።

ልጁ ለሕፃናት ሐኪም ተላልፏል። በዚህ ዕድሜ ስታቲን መጀመር ይቻላል፤ አነስተኛ መጠን ጀምሯል፣ እድገቱና ጉበቱ በየቀጠሮው ይታያል። እግር ኳስ አልከለከልነውም። የልብስ ሰፊው እህት ተለክታ ደህና ሆነች። ጅቡቲ የሚሠራው ታናሽ ወንድሙ ሦስት ወር ሲያቅማማ ቆይቶ የውጤቱን ፎቶ በቴሌግራም ላከ፤ ኤልዲኤል 268። ዕድሜው 38 ነው። ከሥሩ የጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ "ሲስተር፣ የእኔንም ተረከዝ ፎቶ ልላክልሽ?"

ላከው። ጎብጧል። ለጥምቀት ሲመጣ ሦስቱንም ልጆቹን ይዞ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ፤ ቀጠሮው ተይዟል።